አንበሳው እስኪነቃ

አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 የሚሆነውን ተኝቶ ያሳልፋል። ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ለሳፋሪ ለመሄድ ያሰበ ሰው የጉዞ ወኪል ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይህችን ቁጥር በልቡ ቢይዝ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። በአሥር ቀን አራት አገር የሚያዞረው ፓኬጅ የሚያደርሳችሁ እንቅልፉ ላይ ነውና። መኪናው ይቆማል፤ ከግራር ጥላ ሥር የደረቀ ሣር የመሰለ ነገር ተጋድሟል፤ አንድ ጆሮ ዝንብ ያባርራል፤ ስልክ ሁሉ ይወጣል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞ ወደሚቀጥለው። «አንበሳ አይተናል» ይባላል፤ ውሸትም አይደለም።

እዚያው ሦስት ሌሊት ለማደር የመጣ ሰው ግን አይቸኩልም። ጠዋት የተኙበትን ቦታ አስጎብኚው ልብ ይለዋል፤ ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ይመለሳሉ። መጀመሪያ አንዷ ታዛጋለች። ማዛጋቱ ወደ ጎረቤቷ ይጋባል። ይንጠራራሉ፣ ይላላሳሉ፤ ከዚያ አንዷ ሳትጣደፍ ብድግ ብላ መንገድ ትጀምራለች፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተሏታል። ልምድ ያለው አስጎብኚ ማዛጋቱ ሲደጋገም ወሬውን አቋርጦ እጁን ወደ ቁልፉ ይሰዳል። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህች ሩብ ሰዓት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ የሚቆጠረው ሌሊት ነው። የተለመደው ዙር ጆሃንስበርግ፣ ክሩገር (የደቡብ አፍሪካው ትልቅ የአራዊት ፓርክ)፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴ (በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር)፣ ቾቤ (የቦትስዋናው ፓርክ)፣ ኬፕታውን ነው። ካንዱ ወደ ሌላው መዛወር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ድንበር ወይም አውሮፕላን ካለበት ሙሉ ቀን። በአሥር ቀን ውስጥ አምስቱንም ከከተታችሁ ሦስት አራቱ ቀን በሻንጣና በሰልፍ ያልቃል። እኔ ብጠየቅ ለ12 ሌሊት ክሩገር 5፣ ፏፏቴው ጋ 2፣ ቾቤ 2፣ ኬፕታውን 3 እላለሁ። ዘጠኝ ሌሊት ብቻ ካላችሁ ኬፕታውንን፣ ስምንት ብቻ ካላችሁ ፏፏቴውንና ቾቤን ለሌላ ጊዜ አቆዩ። ከክሩገሩ ላይ ግን አትቀንሱ።

ወሩን በሚመለከት የኛ ቋንቋ ወጥመድ አለው። ብሮሹሩ «በክረምት ሂዱ» ቢል ክረምት ለኛ ዝናብና ጭቃ ነው። እዚያ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ቅዝቃዜ ናቸው፤ ክሩገርና ቾቤ ግን በዚያ ወቅት ዝናብ እምብዛም የማያዩ ደረቅ ቦታዎች ናቸው። ሣሩ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ኩሬው ይደርቃል፤ እንስሳው ሁሉ ወደ ቀሩት ወንዞችና ውኃ ማጠጫዎች ስለሚወርድ ፍለጋው ይቀላል። ኬፕታውን በተቃራኒው ዝናቧን የምታገኘው በነዚያው ወራት ነው፤ ተራራው በደመና ይሸፈናል፣ ባሕሩ ይናወጣል። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማጣመር ለሚፈልግ መስከረም ጥሩ መካከለኛ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦትም ያስኬዳሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ክሩገር ለምለም ነው፤ ኢምፓላ የሚባለው የአጋዘን ወገን ግልገሎች በኅዳርና በታኅሣሥ ይወለዳሉ፣ ስደተኛ ወፎች ይመጣሉ፣ ዋጋም ይረክሳል። ሙቀቱ ግን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ሣሩ ውስጥ አሥር ሜትር ርቆ የተኛ ነብር ላይታይ ይችላል።

ክሩገር ከሰሜን ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1898 የተከለለው ደቡባዊ ክፍሉ ሲሆን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1926 ነው። ከጆሃንስበርግ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በውስጡ በአስፋልት ላይ ከ50፣ በጠጠር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ያስቀጣል፤ እየቆማችሁ ስታዩ ግን እውነተኛው ፍጥነት ከ20 እስከ 25 ነው። ፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያ ካምፖች ከስኩኩዛ እስከ ሳታራ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ትመስላለች፤ በመሬት ላይ ግማሽ ቀን ናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንዱን ካምፕ በሰሜን ሌላውን በደቡብ ይይዝና ቀኑን ሙሉ በር እንዳይዘጋበት ሲሮጥ ይውላል። ዘግይቶ የደረሰ ይቀጣል።

የሰዓት አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። ወረቀቱ ላይ 05:30 የሚለው በኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በሰኔና በሐምሌ የካምፖቹ በር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። በበጋቸው፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፓርኩ ውስጥ ያደረ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መውጣት ሲችል ከውጭ የሚመጣው ዋናው በር ላይ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ያቺ አንድ ሰዓት ነብር ገና ከመንገድ ያልወጣባት፣ ጅብ ወደ ጉድጓዱ የሚመለስባት ናት። ከፓርኩ ውጭ ያለው ሆቴል ቢረክስም የሚያስከፍለው እሷን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ደቡባዊውን ግማሽ ይያዝ። ከስኩኩዛ ወደ ሎወር ሳቢ የሚወስደው የወንዝ ዳር መንገድ በነብር የታወቀ ነው፤ መጨረሻው ላይ ካለችው ሰንሴት ግድብ አጠገብ መኪና አቁሞ ጉማሬና አዞ ማየት ይቻላል። ሳታራ ደግሞ ሜዳማ ስለሆነ የአንበሳ፣ የአቦሸማኔና የሜዳ አህያ አገር ነው። በየካምፑ የዕለቱ እንስሳ በማግኔት የሚለጠፍበት የካርታ ሰሌዳ አለ፤ ከቡናው በፊት እሱን ማየት ነው።

ከአምስቱ ሌሊት ሁለቱን ከክሩገር ጎን ባሉት የግል ጥብቅ ቦታዎች ማድረግ ከተቻለ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከነዚህ አንዱ በሆነው በሳቢ ሳንድና በክሩገር መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለፈረሰ እንስሳው ያው ነው። የሚለየው ደንቡ ነው። በክሩገር መኪና ከመንገድ አይወጣም፤ በግሉ ግን ለነብርና ለአንበሳ ዱሩ ውስጥ ይገባል፣ ጀምበር ከጠለቀችም በኋላ ይቆያል። በክሩገር አንድ ነብር ዛፍ ላይ ከታየ ሠላሳ መኪና ይደረደራል፤ በግሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት በላይ አይፈቀድም፣ ሌላው ተራውን በሬዲዮ ይጠብቃል። ዋጋው በሰው በሌሊት ከብዙ መቶ ዶላር ጀምሮ ከሺህ በላይ ይዘልቃል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ ግን አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ባይኬድ ይሻላል።

መኪናው ክፍት ላንድ ክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ነው፤ ከሾፌሩ ኋላ ሦስት ረድፍ ወንበር ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሁሉም የኋላውን ይሻማል፤ ከፍ ስለሚል ጥሩ ያሳያል። ግን የኋላው ጎማ ላይ ስለሆነ ይንጣል፣ አስጎብኚው የሚለውም አይሰማም። ወገቡን የሚያመው ሰውና ጥያቄ የሚያበዛ ሰው የፊተኛውን ረድፍ ይያዝ። መሀል ላይ የተቀመጠ ፎቶው ሁሉ የጎረቤቱ ትከሻ ነው፤ በየጉዞው መቀያየር ጨዋነት ነው። በሐምሌ ጠዋት መኪናው ሲንቀሳቀስ ያለው ብርድ «አፍሪካ ሞቃት ነው» ብሎ ቁምጣ ለብሶ የመጣውን ሁሉ ያስጸጽታል። የደጋ ሰው እንኳ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ወፍራም ጃኬት ይዞ ይውጣ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ይወልቃል።

ከሞተሩ ፊት በስተግራ፣ መከላከያው ላይ በተበየደች ትንሽ ወንበር የሚቀመጠው ዱካ ፈላጊው ነው። እሱን ማየት በራሱ ትምህርት ነው። እጁን ያነሣል፣ መኪናው ይቆማል፣ ወርዶ አሸዋው ላይ ጎንበስ ይላል። ከአቦሸማኔ በቀር የድመት ወገን ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ዱካው ላይ የጥፍር ምልክት የለም፤ የኋላው የመዳፍ ጠርዝም ሦስት ቦታ ይከፈላል። የጅብ ዱካ ላይ ጥፍሩ ይታያል። ይህን ከለየ በኋላ ጥያቄው «መቼ?» ነው። ጠርዙ ስል ከሆነና የሌሊት ጢንዚዛ ያልተሻገረበት ከሆነ ትኩስ ነው፤ የጤዛ ጠብታ ከላዩ ካረፈ ሌሊቱን አልፏል። ከዚያ ጆሮ ይጀምራል። ኢምፓላ በአፍንጫው ሲያስነጥስ፣ ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ስትንጫጫ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጠው ሲቆሙ፣ የሚያዩት ነገር አለ። ጥንብ አንሣ በሰማይ ሲዞር ገና እየፈለገ ሊሆን ይችላል፤ ዛፍ ላይ ተደርድሮ ቁልቁል የሚያይ ከሆነ ግን ሬሳው ላይ እስካሁን ባለቤት አለ ማለት ነው።

ሬዲዮው በጾንጋ ወይም በዙሉ ቃላት ነው የሚያወራው፤ እንግዳው ከወዲሁ ተስፋ እንዳያደርግና እንስሳው ቢጠፋ እንዳያዝን። «ንጋላ» አንበሳ ነው፣ «ኢንግዌ» ነብር። ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም ይለምደውና ሚስጥሩ ያበቃል። እንስሳውን በስሙ መጥራት ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ቋንቋችን ለዱር አራዊት ሀብታም ነውና። አጋዘኑን፣ ድኩላውን፣ ሚዳቋውን፣ ከርከሮውን ያለ ትርጉም እናውቃቸዋለን። ደፈርሳም አለ፤ የክሩገሩ ቂጡ ላይ ነጭ ቀለበት የተሣለበት ሲሆን የኛው ግን ነጩ ሙሉ ነው፣ ቀለበት የለውም። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚባለው የኛ ቀይ ቀበሮ እዚያ የለም፤ እዚያ በመንጋ እየሮጠ የሚያድነው ዝንጉርጉር ውሻ መሰሉ ተኩላ ነው፣ ካገኛችሁት ከአንበሳ ይልቅ ብርቅ ነው።

እንስሳው ክፍት መኪና ላይ የማይዘለው ሰውንና ብረቱን እንደ አንድ ትልቅ ቅርጽ ስለሚያይና ስለለመደው ነው። አንድ ሰው ብድግ ብሎ ከቆመ ቅርጹ ይሰበራል፤ አንበሳዋ ወዲያው ራሷን ቀና ታደርጋለች። አለመቆም፣ እጅ አለማውጣት፣ አለመጮህ። ከዝሆን ጋር ደንቡ ሌላ ነው። ጆሮውን ዘርግቶ፣ እየነፋ፣ አቧራ እያስነሣ የሚመጣ ብዙ ጊዜ ሊያስፈራራ ነው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ኩምቢውን የጠቀለለው ነው የምሩን የሚመጣው። ወንዱ ከጆሮውና ከዓይኑ መሀል የሚፈስ ጥቁር እርጥበት ካለው ገና ከሩቅ መንገድ መልቀቅ ነው። በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ከዝሆን ፊት ስትቆሙ ወደ ኋላ የምትሸሹበት መንገድ ክፍት ይሁን፤ ኋላችሁ ሌላ መኪና ተለጥፎ ከቆመ ቀድሞ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። የአውራሪስ ፎቶ ከማጋራት በፊት ደግሞ የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ አጥፉ፤ ሕገ ወጥ አዳኞችም ፎቶ ያያሉ።

ፓኬጁን ስትገዙ አስጎብኚውን የሚመለከት አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ከእኛ ጋር የሚጓዘው የቡድን መሪ ነው ወይስ የዱር አስጎብኚ? መሪው ሆቴልና ሻንጣ ያስተካክላል፤ ዱካ ላያውቅ ይችላል። የደቡባዊ አፍሪካ የመስክ አስጎብኚዎች ማኅበር በደረጃ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ አለ፤ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጉርሻ በሎጅ ለአስጎብኚው በሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ለዱካ ፈላጊው የዚህ ግማሽ ያህል የተለመደ ነው። በተለያየ ፖስታ ስጡ፤ አንድ ላይ ከተሰጠ ክፍፍሉ የናንተ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ፏፏቴው ጋ ሁለት ሌሊት ብዬአለሁ፤ አንድ ሙሉ ቀን በቂ ስለሆነ ነው። 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ቁመት አለው። የአካባቢው ሰዎች «ሞሲ ኦአ ቱንያ» ይሉታል፤ «የሚያጓራ ጢስ» ማለት ነው፤ ጢስ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ውኃው በሚያዝያ አካባቢ ሲሞላ ጢሱ ራሱ ፏፏቴውን ይሸፍነዋል፤ ትረጥባላችሁ እንጂ አታዩም። በጥቅምትና በኅዳር የዛምቢያው ወገን አለት ሆኖ ይቀራል፤ የዚምባብዌው ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ አለው። በመስከረም ከሆነ ዚምባብዌን ምረጡ። ዛምቢያንና ዚምባብዌን በአንድ የሚያስገባው ካዛ ቪዛ 50 ዶላር ነው፤ ለየትኛው ፓስፖርት እንደሚሰጥ ግን ዝርዝሩን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ባልና ሚስት አንድ ሰልፍ ላይ ላይቆሙ ይችላሉ።

ከዚያ ቾቤ አጠገብ ወዳለችው ካሳኔ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቾቤ ላይ ጌም ድራይቩን፣ በመኪና የሚደረገውን የአራዊት ፍለጋ፣ ትታችሁ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ያዙ። ዝሆኖች በመንጋ ወንዙን ሲሻገሩ፣ ግልገሎቹ ኩምቢያቸውን ብቻ አውጥተው ሲዋኙ ማየት የሚቻለው ከውኃው ላይ ነው። የቦትስዋና ድንበር ላይ ጫማ መድኃኒት የተነከረ ምንጣፍ ላይ ይረገጣል፣ ጥሬ ሥጋ ይወሰዳል፤ የከብቶችን የአፍና የእግር በሽታ ለመከላከል ነው። የቦትስዋናውን ረግረግ ዴልታ ኦካቫንጎን በዚሁ ጉዞ ላይ መደረብ አልመክርም። የአንጎላ ደጋ ዝናብ ወራት ተጉዞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አገሩ በደረቀበት ወቅት፣ የሚሞላው ዴልታ የራሱን አራት ሌሊት ይገባዋል። ለሚሄዱ ግን ሻንጣው ለስላሳ ከረጢት፣ ክብደቱ የእጁን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ 20 ኪሎ ነው። ምክንያቱ ትዕቢት አይደለም፤ የትንሿ ሴስና አውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ሆዷ ሥር ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ክብደቱ ቢያንስም አይገባም።

ኬፕታውን ላይ አንድ ብልሃት ብቻ፦ ተራራውንና ሮበን ደሴትን በመጀመሪያው ቀን ሞክሩ። ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ መኪና ነፋስ ሲበረታ፣ ጀልባው ባሕር ሲናወጥ ይሰረዛል፤ ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጠ መተኪያ የለውም። ቴብል ማውንቴን 1,085 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ግን ከባሕሩ ተነሥቶ ቀጥ ስለሚል የሚያስፈራ ግርማ አለው። ሮበን ደሴት ላይ እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች ናቸው። ማንዴላ ከ27ቱ የእስር ዓመታት 18ቱን ያሳለፈበት ክፍል በር ላይ ስትቆሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ወደ አገሩ እንደተመለሰና እንደተያዘ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ አስጎብኚው ላያነሣው ይችላል።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ከኤርፖርት ሊመለስ ይችላል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፉም ቆይታቸው ከ12 ሰዓት ከበለጠ፣ ወይም ቤተሰብ ለማየት ከወጡ፣ ያው ካርድ ይጠየቃሉ። ክሩገር፣ ቾቤና ፏፏቴው የወባ አገር ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ወባን እናውቃታለን» ቢልም ሰውነቱ አያውቃትም። ሐኪም ከሚያዝዛቸው የወባ መከላከያ መድኃኒቶች ውስጥ ማላሮን ከመግባት አንድ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል፤ ዶክሲሳይክሊን ረከስ ይላል፣ ግን ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት ይዋጣል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወባ የሌለባቸውን ፒላንስበርግን ወይም ማዲክዌን ያስብ፤ ብዙ ሎጆችም ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መኪናው ላይ አያወጡም። የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ አንዱ ወላጅ ከቀረ የፈቃድ ደብዳቤው አብሮ ይያዝ። ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ በዚምባብዌና በዛምቢያ ለሲቪል ክልክል ነው። የደቡብ አፍሪካ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት ሦስት ወፋፍራም ክብ ጥርስ የሚቀበል ነው፤ ዓለም አቀፍ የሚባለው አስማሚ ሁሉ አይገባበትም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ለሎጁ «ቪጋን» ብላችሁ ከሳምንታት በፊት አሳውቁ፤ ዱር ውስጥ ያለ ወጥ ቤት ዕቃ በመኪና ነው የሚመጣለት፣ ማታ ደርሶ ሽሮ የሚያገኝ የለም። ቋንጣ ከቤት ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ሥጋና ቅቤ ያለ ፈቃድ አይገባም። እዚያ ቢልቶንግ አለ፤ በኮምጣጤና በድንብላል ታሽቶ የደረቀ ቋንጣ ነው፤ ሚጥሚጣ ቢነካው የሚሻሻል ይመስለኛል። ገንፎውም «ፓፕ» ይባላል፣ ነጭ የበቆሎ ነው። እንጀራ ያማራችሁ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ጄፒ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፤ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ስልክ ኪስ ውስጥ አድርጎ።

ከዱሩ የምትወጡበትን የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ፈልጉ። ሎጆች በመጨረሻው ቀንም ጠዋት መኪና ያወጣሉ፤ የረፋዱን በረራ የያዘ እሷን ያጣል። ማታ ሲያዛጉ የተተዉት አንበሶች ደግሞ ሌሊቱን አድነው ከሆነ ከዚያ ብዙም አይርቁም። ዱካ ፈላጊው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ለዚያ ነው።